የቀድሞ ኮምፒውተሮችን የስክሪን መልክ በምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር መልሶ መሥራት፡- የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ እንደ ምሳሌ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ፣ ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጁ ወይም የሥራ ታሪካቸውን የሚገልጽ መጽሔት ሲያሳትሙ ያለፉትን ዘመናት የሚያስታውሱ ምስሎች ያስፈልጓቸዋል። የጽሕፈት መኪናና የመዝገብ ቤት መደርደሪያ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ከቤተ መዛግብት ይገኛል። ከሰላሳና ከአርባ ዓመታት በፊት በጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ ፊደል ያሳዩ የነበሩት የኮምፒውተር ስክሪኖች ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያሳይ ምስል ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። ኮምፒውተሮቹ በአብዛኛው ተወግደዋል፤ በሥራ ላይ በነበሩበት ጊዜም ስክሪናቸውን ፎቶግራፍ ለማንሣት ያሰበ ጥቂት ነው።

ይህን ክፍተት በምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር መሙላት ይቻላል። እንደ ፎቶሾፕ ያሉት በክፍያ የሚገኙ ሲሆን፣ ጂምፕ የተባለው ደግሞ ያለ ክፍያ የሚሠራጭ በመሆኑ ለመሥሪያ ቤቶች የተለየ በጀት አይጠይቅም። ሥራው ግን አንድን ፎቶግራፍ አረንጓዴ ቀለም ከመቀባት ያለፈ ነው። የቀድሞው ስክሪን መልክ ከመሣሪያው የአቅም ውስንነት የመነጨ በመሆኑ፣ ውስንነቱን ያላከበረ ምስል ዘመኑን አይወክልም። በተለይ በምስሉ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ የሚታይ ከሆነ ስሕተቱ ከውበት ጉዳይነት አልፎ የታሪክ ጉዳይ ይሆናል።

ላሊበላ ለምን ምሳሌ ሆነች

በሰሜን ወሎ ዞን በላስታ ደጋማ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ላሊበላ 11 ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ያሏት ከተማ ናት። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሠፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ይገኙበታል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ምድር ተቆፍሮ በወረደ ጉድጓድ መካከል ለብቻው የቆመና የመስቀል ቅርጽ ያለው ነው። ጣሪያው በዙሪያው ካለው መሬት ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በላዩ የተቀረጹት አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ ሦስት እኩል ክንድ ያላቸው መስቀሎች ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው በግልጽ ይታያሉ።

ይህ ቅርጽ ከቀድሞው ስክሪን ባሕርይ ጋር ይስማማል። ሸማኔ ክር እየቆጠረ በሸማ ጠርዝ ላይ የመስቀል ጥለት እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ስክሪኑም ማንኛውንም ምስል የሚሠራው በመደዳና በዓምድ የተሰለፉ ነጥቦችን በመቁጠር ነው። እነዚህ ነጥቦች ፒክስል ይባላሉ። የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ጠርዞች ቀጥ ያሉ በመሆናቸው በጥቂት ነጥቦችም ቢሆን ቅርጻቸው አይጠፋም። በአንጻሩ በቤተ መድኃኔዓለም የሚገኘው አፍሮ አይገባ የተሰኘው መስቀል ጠርዙ በጌጥና በጥምዝ የተሞላ ስለሆነ፣ በዚያው የነጥብ ብዛት ሲሳል ጥምዞቹ ወደ ደረጃ መሰል ስብራት ይለወጣሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሠርቶ ማነጻጸር የቀድሞው ስክሪን ምን ይችል፣ ምን ይሳነው እንደነበር ለማሳየት ይረዳል።

የቀድሞው ስክሪን አሠራር

ጠፍጣፋዎቹ ስክሪኖች ከመስፋፋታቸው በፊት ሞኒተሮች የሚሠሩት በካቶድ ጨረር ቱቦ ነበር። ከቱቦው ኋላ ያለው መሣሪያ የኤሌክትሮን ጨረር ወደ መስታወቱ ያስወነጭፋል። የመስታወቱ የውስጥ ገጽ ፎስፈር በሚባል ንጥረ ነገር የተለበጠ ሲሆን፣ ጨረሩ ያረፈበት ነጥብ ያበራል። ጨረሩ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር በመስመር እየተጓዘ ከላይ እስከ ታች ከደረሰ በኋላ እንደገና ይጀምራል፤ ይህንንም በሴኮንድ 50፣ 60 ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ይደጋግማል።

የቀድሞው ስክሪን መለያዎች ከዚህ አሠራር የሚመነጩ ናቸው። በመስመሮቹ መካከል ጨረሩ የማያርፍበት ቀጭን ጨለማ ይቀራል። የሚያበራው ነጥብ ዙሪያውን በጥቂቱ ያደምቃል። መስታወቱ ወደ ውጭ የጎበጠ በመሆኑ ቀጥታ መስመሮች ወደ ዳር ሲጠጉ ይለምጣሉ። ፎስፈሩ ቶሎ የማይጠፋ ዓይነት ሲሆን ደግሞ ጽሑፍ ሲንቀሳቀስ ከኋላው ደብዛዛ ጥላ ይተዋል።

የስክሪኑ ዓይነት በቅድሚያ መመረጥ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። የአይ.ቢ.ኤም የግል ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ሲቀርብ ሁለት አማራጮች ነበሩት። አንደኛው ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ባለ አንድ ቀለም ስክሪን ሲሆን፣ በ25 መስመሮች በእያንዳንዳቸው 80 ምልክቶችን ይጽፍ ነበር። እያንዳንዱ ምልክት 9 ነጥብ ወርድና 14 ነጥብ ቁመት ያለው ቦታ ስለሚይዝ ስክሪኑ በጠቅላላው 720 በ350 ነጥቦች ነበሩት። ሁለተኛው ሲ.ጂ.ኤ የተባለው ባለ ቀለም አማራጭ ሲሆን፣ ለሥዕል 320 በ200 ነጥቦችን በ4 ቀለማት ብቻ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣው ቪ.ጂ.ኤ 640 በ480 ነጥቦችን በ16 ቀለማት ወይም 320 በ200 ነጥቦችን በ256 ቀለማት ለማሳየት አስችሏል።

የልዩነቱን መጠን በአኃዝ ማየት ይቻላል። 320 በ200 ማለት 64 ሺህ ነጥቦች ናቸው። ዛሬ በስፋት በሚሠራበት 1920 በ1080 ስክሪን ላይ ያሉት ነጥቦች ከ2 ሚሊዮን በላይ በመሆናቸው ከዚያ በ32 እጥፍ ይበልጣሉ። የቀለማቱ ማነስም ከማስታወሻ አቅም ጋር የተያያዘ ነበር። በ4 ቀለማት የተሠሩ 64 ሺህ ነጥቦች 16 ሺህ ባይት የሚይዙ ሲሆን፣ የሲ.ጂ.ኤ ካርድ የነበረው የማስታወሻ አቅም ከዚህ እምብዛም የማይበልጥ 16 ኪሎ ባይት ነበር።

የአማርኛ ፊደል በጠባቡ ስክሪን

የቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነበር። የጽሑፍ ስክሪኑ በአንድ ጊዜ 256 ምልክቶችን ብቻ የሚያውቅ ሲሆን፣ የላቲን ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት፣ አኃዞች፣ ሥርዓተ ነጥቦችና የሠንጠረዥ መስመሮች በዚያ ውስጥ ተካተው ነበር። የአማርኛ 33 ፊደላት በ7 ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እንደ ሏና ቷ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ደግሞ ከላቲኑ ጋር በ256 ውስጥ አብረው ሊኖሩ አይችሉም።

የቦታው ጥበትም ሌላ ችግር ነበር። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለው ምልክት ነው። ካዕብ በቀኝ ወገብ ላይ፣ ሣልስ በቀኝ እግር ግርጌ ላይ በምትጨመር አጭር መስመር ይታወቃሉ። 8 ነጥብ ብቻ ቁመት ባለው ቦታ ላይ አንዱ ነጥብ በመስመሮች መካከል ለሚያስፈልገው ክፍተት ሲተው፣ ለአናቱ ምልክትና ከሥሩ ላለው ክፍተት ሁለት ነጥቦች ይወሰዳሉ። ለቀሪው የፊደል አካል የሚተርፉት 5 ነጥቦች ናቸው። በእነዚህ ላይ ወገብንና ግርጌን ለይቶ ማሳየት ትዕግሥትና ብልሃት የሚጠይቅ ነበር።

ይህን ችግር ለመፍታት የጣሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት እንደ ፍስሃ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ባለሙያዎች በአማርኛና በግዕዝ ለመጻፍ የሚያስችሉ ሶፍትዌሮችን ሠርተዋል። በአገር ውስጥም የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪ የተባለውን ሶፍትዌር አዘጋጅቷል። ቆየት ብሎ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በስፋት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን በማካተቱ፣ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ የራሱ ቁጥር አገኘ። የዊንዶውስ ቪስታ ተጠቃሚዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተሰኘውን የአማርኛ ፎንት ከሥርዓቱ ጋር ተጭኖ አገኙት።

የዛሬው ምስል አቀናባሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉን በኒያላ ወይም በሌላ ዘመናዊ ፎንት ጽፎ አረንጓዴ ቀለም ይሰጠውና «የ1980ዎቹ ስክሪን» ይለዋል። እንዲህ ያለው ምስል አማርኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ችግር በኮምፒውተር ይጻፍ እንደነበር ስለሚያስመስል፣ ፊደሉን ወደ ስክሪን ለማድረስ የተደረገውን የብዙ ዓመታት ጥረት ከታሪክ ይሰውራል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ለምሳሌነት የሚቀርበው የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያና «ላሊበላ» የሚል ጽሑፍ በሲ.ጂ.ኤ ስክሪን መልክ ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ከአፋፉ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ይመረጣል። ጣሪያው ከመሬት ላይ ስለሚታይ ሰው አልባ በራሪ መሣሪያ መጠቀም አያስፈልግም። ፎቶግራፉ በባለቤቱ ፈቃድ የተገኘ መሆን ይኖርበታል። ከዚያም የወርዱና የቁመቱ ምጣኔ 4 ለ 3 እንዲሆን ይቆረጣል፤ የቀድሞዎቹ ሞኒተሮች ምጣኔ ይኸው ነበርና።

በሁለተኛ ደረጃ የምስሉ መጠን ወደ 320 በ200 ነጥብ ይቀነሳል። በዚህ ጊዜ ሶፍትዌሩ ወርድንና ቁመትን አያይዞ እንዳይለውጥ ማያያዣው መፈታት አለበት። ምስሉ የተደፈጠጠ ቢመስልም ስሕተት አይደለም። 320 በ200 ነጥቦች በ4 ለ 3 ስክሪን ላይ ሲዘረጉ እያንዳንዱ ነጥብ ቁመቱ ከወርዱ በ1.2 እጥፍ ይበልጣል። ምስሉ በመጨረሻ ሲጎላ ምጣኔው ይስተካከላል።

መስቀሎቹን ከፎቶግራፉ ላይ በእጅ መሳል የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ቀለል ባለ ንድፍ የውጭው መስቀል 108 ነጥብ ወርድና 90 ነጥብ ቁመት ሊሰጠው ይችላል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጉት ክንዶች 36 ነጥብ ስፋት፣ ወደ ጎን የሚዘረጉት ደግሞ 30 ነጥብ ስፋት ይኖራቸዋል። ሁለተኛው መስቀል ከመጀመሪያው ጠርዝ በየጎኑ 6 ነጥብ፣ ከላይና ከታች ደግሞ 5 ነጥብ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሳላል፤ ሦስተኛውም ከሁለተኛው በዚያው ልክ ይገባል። መሣያው ጠርዝ የማያለሰልሰው የእርሳስ መሣሪያ እንጂ ብሩሽ መሆን የለበትም።

በሦስተኛ ደረጃ ቀለማቱ ይቀነሳሉ። በጂምፕ ውስጥ ምስሉ «ኢንዴክስድ» ወደሚባለው ዓይነት ተለውጦ አራት ቀለማት ብቻ ያሉት የቀለም ገበታ ይሰጠዋል። ሲ.ጂ.ኤ በሥዕል ጊዜ የሚታወቅባቸው ሁለት ገበታዎች ነበሩት። አንደኛው ከጥቁር ጋር ውኃ ሰማያዊ፣ ደማቅ ሐምራዊና ነጭ የያዘ ሲሆን፣ ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ቀይና ቡናማ ነበረው። ለላሊበላ ቀላ ያለ አለት የሚስማማው ሁለተኛው ነው። የቀለማቱ መጠን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቅደም ተከተል ሲገለጽ አረንጓዴው 0፣ 170፣ 0፤ ቀዩ 170፣ 0፣ 0፤ ቡናማው ደግሞ 170፣ 85፣ 0 ይሆናል። ጥቁሩ ለጉድጓዱ ጥላ፣ ቀዩ ለግድግዳው፣ ቡናማው ለጣሪያው፣ አረንጓዴው በአፋፉ ላይ ላለው ሣር ሊውል ይችላል።

ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ ቀለም ሲኖር ነጥቦችን የማሰባጠር ዘዴ ይረዳል። ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራና ከበላዩ ያለው ሰማይ በምስሉ ውስጥ ቢገባ፣ የሁለት ቀለማት ነጥቦች እየተቀላቀሉ ዓይንን ሦስተኛ ቀለም ያለ ያስመስላሉ። ለዚህ በስፋት የሚሠራበት ስሌት እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመው የፍሎይድና የስታይንበርግ ዘዴ ሲሆን፣ በጂምፕ ውስጥ ተካትቶ ይገኛል። በጽሑፍና በመስቀሎቹ ላይ ግን ዘዴው ጠርዙን ስለሚያበላሽ፣ እነዚህ ቀለማቱ ከተቀነሱ በኋላ ቢጨመሩ ይመረጣል።

በአራተኛ ደረጃ ጽሑፉ ይሳላል። ለእያንዳንዱ ፊደል 16 በ16 ነጥብ ቢመደብ «ላሊበላ» 64 ነጥብ ወርድ ይይዛል። ለ ከ ላ የሚለየው በእግር ርዝመት ብቻ በመሆኑ የሚያጥረው እግር ቢያንስ በ4 ነጥብ ማጠር ይኖርበታል። የ ሊ ግርጌ መስመርም ከሚቀጥለው ፊደል ጋር እንዳትነካካ አንድ ባዶ ዓምድ ያስፈልጋታል። በዚህ መጠን በአንድ መስመር 20 ፊደላት፣ በጠቅላላው 12 መስመሮች ብቻ ስለሚገቡ በስክሪኑ ላይ ረጅም ጽሑፍ ማስፈር አይቻልም። ይህም ራሱ የዘመኑ እውነታ ነበር።

በአምስተኛ ደረጃ ምስሉ ይጎላል። ምስሉ ወደ ሙሉ ቀለም ዓይነት ከተመለሰ በኋላ ወርዱ በ5፣ ቁመቱ በ6 ተባዝቶ 1600 በ1200 ይሆናል። በማጉያው መስኮት ላይ «ኢንተርፖሌሽን» የሚለው «ኖን» ተብሎ ካልተመረጠ ሶፍትዌሩ ጠርዞቹን ያለሰልስና እስካሁን የተደከመበት ሁሉ ይጠፋል። የውጭው መስቀል በዚህ ጊዜ 540 በ540 ከሆነ ሥራው በትክክል ተከናውኗል ማለት ነው።

የመስታወቱን መልክ መስጠት

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የቱቦውን ባሕርይ መጨመር ነው። በአዲስ ንብርብር ላይ ከየ6ቱ አግድም የነጥብ መደዳዎች 2ቱ ጥቁር እየተደረጉ እስከ ታች ይደገማሉ፤ ጥቁረቱም ከ30 እስከ 40 በመቶ እንዲሆን ይደረጋል። ይህ ለሲ.ጂ.ኤ ተገቢ ሲሆን ለቪ.ጂ.ኤ ግን አይሠራም። ቪ.ጂ.ኤ ባለ 200 መስመሩን ምስል እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ በመሳል ወደ 400 ስለሚያሳድገው ጨለማው ክፍተት እምብዛም አይታይም። በየምስሉ ላይ ወፍራም ጥቁር መስመር መደርደር የተለመደ ስሕተት ነው።

ለብርሃኑ ሥርጭት የምስሉ ቅጂ በሌላ ንብርብር ላይ ተቀምጦ በማደብዘዣ ይለሰልስና «ስክሪን» በሚባለው የማዋሐጃ ዘዴ በጥቂቱ ይደረባል። ለጎባጣው መስታወት የሌንስ ማጣመሚያ መሣሪያ የሚያገለግል ሲሆን፣ መጠኑ የምስሉ ዳር መጉበጡ ሊታወቅ እስኪችል ድረስ ብቻ መሆን ይገባዋል። አራቱ ማዕዘናት በመጠኑ ቢጨልሙም መልካም ነው።

ባለ አንድ ቀለም ስክሪን ለመሥራት የተፈለገ እንደሆነ ምስሉ በቅድሚያ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጣል። ከዚያም ለአረንጓዴው 51፣ 255፣ 51፣ ለብርቱካናማው ደግሞ 255፣ 176፣ 0 ገደማ የሆነ ቀለም «መልቲፕላይ» በሚባለው ዘዴ ይደረብበታል። የአይ.ቢ.ኤም የመጀመሪያው አረንጓዴ ስክሪን ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ስለነበር፣ የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶግራፍ በዚያ ስክሪን መልክ ማቅረብ ከታሪኩ ጋር አይጣጣምም። በዚያ ላይ ሊታይ የሚችለው ከምልክቶች ተገጣጥሞ የተሠራ ሥዕል ብቻ ነው።

አሁንም የሚሠራ የቱቦ ሞኒተር ያለው መሥሪያ ቤት ስክሪኑን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለማነጻጸሪያ ቢይዝ ይጠቀማል። የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት ከሴኮንድ 1/30ኛ የፈጠነ ከሆነ ጨረሩ ገጹን ስሎ ሳይጨርስ ስለሚዘጋ በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር ቀበቶ ይታያል፤ በመሆኑም ካሜራውን በመቆሚያ ላይ አድርጎ ፍጥነቱን መቀነስ ያስፈልጋል። ሞኒተሩን መክፈት ግን ፈጽሞ አይገባም። ቱቦው ከተዘጋ በኋላም ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ሊይዝ የሚችል ሲሆን፣ መስታወቱም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት።

የተጠናቀቀው ምስል በፒ.ኤን.ጂ ዓይነት መቀመጥ አለበት። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ነጥብ ክፍልፋዮች እያጨቀ ስለሚያስቀምጥ በጠርዞች ዙሪያ ቆሻሻ መሰል ነጠብጣብ ይተዋል። ምስሉን ለድረ ገጽ ወይም ለኅትመት እንዳገኙ ማሳነስም አግድም መስመሮቹ የሞገድ ቅርጽ እንዲይዙ ያደርጋል። መጠኑ መቀነስ ካለበት መስመሮቹ ከመጨመራቸው በፊት ባለው ቅጂ ላይ ተቀንሶ መስመሮቹ እንደገና ቢሠሩ ይሻላል። ስለዚህም ንብርብሮቹ ያልተዋሐዱበት የሥራ ቅጂ ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል።

ከዘመኑ ጋር መጣጣምና ግልጽነት

በምስሉ ውስጥ የሚታየው ነገር ሁሉ ከሚወክለው ዓመት ጋር መስማማት ይኖርበታል። በላሊበላ በቤተ መድኃኔዓለምና በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ላይ የቆሙት ትልልቅ መጠለያዎች የተጠናቀቁት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። መጠለያው የሚታይበትን ፎቶግራፍ በ1980ዎቹ ስክሪን ላይ ማስቀመጥ በዘመኑ ያልነበረውን እንደነበረ አድርጎ ማቅረብ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ ያልተሠራለት መሆኑም ለዚህ ምሳሌ ተመራጭ ያደርገዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ምስሉ የተቀናበረ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት። «በኮምፒውተር የተቀናበረ ምስል» የሚል መግለጫና የተሠራበት ዓመት ከምስሉ ሥር ሊሠፍር ይገባል። የመሥሪያ ቤት ማኅተም፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ ፊርማ ወይም እውነተኛ የሚመስል መዝገብ በእንዲህ ያለ ምስል ላይ ማስገባት አደገኛ ነው። ለዐውደ ርዕይ የተሠራው ምስል ከዓመታት በኋላ በሌላ እጅ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ ይችላልና። በአገሪቱ የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸመውን ለይቶ ደንግጓል።

ማስመሰልና መመዝገብ የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን ላሊበላ ራሷ ታሳያለች። የደቡብ አፍሪካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ባለሙያዎች አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ስካነር ለክተው በሦስት አቅጣጫ የሚታይ የኮምፒውተር ቅርጽ አዘጋጅተውላቸዋል። ያ ሥራ ለጥበቃና ለጥገና የሚያገለግል ልኬት ነው። በ64 ሺህ ነጥቦች የተሠራው የጣሪያው ምስል ግን የአንድን ዘመን መልክ ለማስታወስ ብቻ ይጠቅማል። አንዱ የሌላውን ቦታ ሊይዝ አይችልም።

ምስሉ ሰነዱን አይተካም

ይህ ልዩነት ይበልጥ የሚያሳስበው በመሥሪያ ቤቶች እጅ ባሉት የቆዩ ፋይሎች ላይ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላቱን የሚያስቀምጡት ለላቲን በተመደቡት ቁጥሮች ላይ ሲሆን፣ አመዳደባቸውም አንዱ ከሌላው የተለየ ነበር። በአንደኛው የተጻፈ ቃለ ጉባኤ የራሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ግን የለም። ይህን ያልተረዳ ሠራተኛ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊሰርዘው ይችላል።

የሰነዱን ስክሪን ፎቶግራፍ ማንሣት ወይም መልኩን አስመስሎ መሥራት ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። በምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ በቃል ሊፈለግ፣ ሊታረም ወይም ወደ ሌላ ሥርዓት ሊዛወር አይችልም። ትክክለኛው አካሄድ ፋይሉ የተጻፈበትን ፎንት ለይቶ ማወቅ፣ ወደ ዩኒኮድ መለወጥና የተለወጠውን ከዋናው ጋር በዓይን ማመሳከር ነው። ዲቃላ ፊደላትና የግዕዝ ቁጥሮች በመለወጫው የመሳሳት ዕድላቸው ሰፊ ስለሆነ የተለየ ትኩረት ይሻሉ። ዋናው ፋይልና ፎንቱም ከተለወጠው ቅጂ ጋር አብረው ሊጠበቁ ይገባል።

በመሆኑም የቀድሞውን ስክሪን መልክ ለዐውደ ርዕይ ለመሥራት የተነሣ መሥሪያ ቤት ሥራውን በራሱ መጋዘን ቢጀምር ሁለት ጥቅም ያገኛል። በዚያ የተረሳ ሞኒተር ለምስሉ እውነተኛ ማነጻጸሪያ ሲሆን፣ በአጠገቡ ያለው ዲስክ ደግሞ ሊነበብ የሚችልበት ጊዜ ሳያልፍ ወደ ዩኒኮድ ሊዛወር የሚገባው መዝገብ ሊሆን ይችላል። ምስሉ ተበላሽቶ ቢገኝ በማግስቱ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ ከዲስኩ ላይ የጠፋውን ቃለ ጉባኤ ግን የትኛውም የምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አይመልሰውም።